በኮሎራዶ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ አገረ ገዥንና ሌሎች የክፍለ ግዛት ባለሥልጣናትን እንዴት እንደሚመርጡ

በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ፕሬዝዳንት ሲመረጥ ብቻ ድምፅ የሚሰጥ የኮሎራዶ ነዋሪ የሚኖርበትን ክፍለ ግዛት አገረ ገዥ አንድም ቀን መርጦ አያውቅም። አገረ ገዥው፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ የክፍለ ግዛቱ ጸሐፊና የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የሚመረጡባቸው ዓመታት 2018፣ 2022፣ 2026 እያሉ የሚሄዱ ሲሆን፣ ፕሬዝዳንት የሚመረጥባቸው ዓመታት ደግሞ ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይገናኙም። ምርጫው የአጋማሽ ዘመን ምርጫ የተባለውም በፕሬዝዳንቱ የሥልጣን ዘመን መካከል ላይ ስለሚውል ነው። ብዙ ወገኖቻችን ለዋይት ሐውስ ምርጫ ረጅም ሰዓት ሲከራከሩ አያለሁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የድምፅ መስጫው ፖስታ እስከ መኖሪያቸው ሲመጣ ግን ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ይቀራል። ይህን መመሪያ የምጽፈው ያ ፖስታ ተከፍቶ፣ ተሞልቶ፣ ተፈርሞ በጊዜው እንዲመለስ ስለምፈልግ ነው።

በቅድሚያ የሚመርጡት ማንን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አገረ ገዥው ምክር ቤቱ ያወጣቸውን ሕጎች ይፈርማል ወይም ይሽራል፣ በጀት ያቀርባል፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችንና ዳኞችን ይሾማል። ምክትሉ ለብቻው አይመረጥም፤ የሁለቱ ስም አንድ ላይ ተጽፎ ስለሚቀርብ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አይቻልም። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የክፍለ ግዛቱ ጠበቃ ሲሆን፣ ሸማቾችን ያታለሉ ኩባንያዎችን ፍርድ ቤት የማቅረብ ሥልጣንም አለው። የክፍለ ግዛቱ ጸሐፊ ምርጫውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ የጭነት መኪና ሥራ ወይም ምግብ ቤት ለመክፈት ድርጅት ያቋቋመ ሰው ሁሉ ያስመዘገበው እዚሁ መሥሪያ ቤት ነው። የግምጃ ቤት ኃላፊው የሕዝቡን ገንዘብ ያስቀምጣል፣ ያንቀሳቅሳል፤ ባለቤቱ ያልጠየቀው ገንዘብ፣ ለምሳሌ የተረሳ የባንክ ሒሳብ ወይም ሳይወሰድ የቀረ የቤት ኪራይ መያዣ፣ ተጠብቆ ለባለቤቱ የሚመለሰውም በእሱ መሥሪያ ቤት በኩል ነው።

በኮሎራዶ ሕግ ከእነዚህ ባለሥልጣናት ማንም በተከታታይ ከሁለት ዘመን በላይ ማገልገል አይችልም። በ2018 ተመርጠው በ2022 በድጋሚ ያሸነፉት አገረ ገዥ ጃረድ ፖሊስ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ፊል ዋይዘር፣ የክፍለ ግዛቱ ጸሐፊ ጄና ግሪስዎልድና የግምጃ ቤት ኃላፊው ዴቭ ያንግ አራቱም ዘመናቸውን በአንድ ጊዜ ስለሚጨርሱ፣ የ2026ቱ ምርጫ አራቱንም ወንበሮች ለአዲስ ሰው ይከፍታል። ነባር ባለሥልጣን በማይወዳደርበት ጊዜ የአንድ ማኅበረሰብ ድምፅ ከወትሮው የበለጠ ይፈለጋል፤ ተወዳዳሪዎች ወደ እኛ የሚመጡትም፣ ጥያቄያችንን የሚሰሙትም በዚህ ወቅት ነው። ከኤርትራውያን ስደተኞች የተወለዱት ጆ ንጉሤ በ2014ቱ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ለክፍለ ግዛቱ ጸሐፊነት ተወዳድረው በጠባብ ልዩነት እንደተሸነፉ፣ ከአራት ዓመት በኋላም በሌላ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አባል እንደሆኑ ማስታወስ እወዳለሁ።

አሁን ወደ ምዝገባው እንግባ። ለመምረጥ የአሜሪካ ዜጋ መሆን፣ በምርጫው ቀን 18 ዓመት መሙላትና ከምርጫው በፊት ቢያንስ 22 ቀን ኮሎራዶ ውስጥ መኖር ያስፈልጋል። በወንጀል ተፈርዶባቸው እስር ቤት ያሉ ሰዎች መምረጥ ባይችሉም፣ ከ2019 ጀምሮ በአመክሮ የተፈቱ ሰዎች መመዝገብም መምረጥም ይችላሉ። ስለ ዜግነት ግን አንድ ነገር አጥብቄ መናገር አለብኝ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ የዜግነት ፈተናውን አልፎ ቃለ መሐላውን የሚጠብቅ ሰው እንኳ ቢሆን፣ አይመዘገብም፣ አይመርጥም። ዜጋ ሳይሆኑ መምረጥ ወንጀል ከመሆኑም በላይ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። በ2022 መኸር ለመራጭነት እንዲመዘገቡ የሚጋብዝ ፖስታ ካርድ ዜጋ ላልሆኑ 30,000 ያህል ሰዎች በስሕተት ተልኮ ነበር። ስለዚህ ከመንግሥት የመጣ ወረቀት ሁሉ የመምረጥ መብት ማረጋገጫ አይደለም፤ መብቱን የሚሰጠው ዜግነት ብቻ ነው። ቃለ መሐላ የፈጸመ ሰው ግን በዚያው ቀን ቢመዘገብ እሰየው ነው።

ምዝገባው በክፍለ ግዛቱ ጸሐፊ ድረ ገጽ ላይ በመንጃ ፈቃድ ቁጥር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጠናቀቃል። ቀደም ብለው የተመዘገቡ ከሆነም አድራሻዎ ትክክል መሆኑን እዚያው ይመልከቱ፤ ኮሎራዶ ውስጥ የድምፅ መስጫ ወረቀት ለእያንዳንዱ ንቁ መራጭ በፖስታ ስለሚላክ፣ ቤት ቀይሮ አድራሻውን ያላስተካከለ ሰው ወረቀቱ አይደርሰውም። ወረቀቱን የሚልከው የካውንቲዎ ክለርክ፣ ማለትም በካውንቲው ምርጫውን የሚያስፈጽመው ኃላፊ ነው። ብዙዎቻችን የምንኖርባት አውሮራ በአራፓሆ፣ በአዳምስና በዳግላስ ካውንቲዎች ተከፋፍላ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ ጎረቤትዎ ወይም የቤተ ክርስቲያንዎ ሰው የነገረዎት የክለርክ ቢሮ የእርስዎ ላይሆን ይችላል፤ ካውንቲዎን ከምዝገባ ወረቀትዎ ላይ ያረጋግጡ። ወረቀቱ በፖስታ እንዲመጣልዎ ከፈለጉ ምርጫው 8 ቀን ሲቀረው ምዝገባዎ ማለቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በአካል ወደ መራጮች አገልግሎት ማዕከል መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው፤ እዚያ በምርጫው ዕለት እንኳ ተመዝግቦ ወዲያው መምረጥ ይቻላል።

ከዋናው ምርጫ በፊት በጁን የመጨረሻ ማክሰኞ የሚደረገው ቀዳሚ ምርጫ አለ። በ2026 ይህ ቀን ጁን 30 ሲሆን፣ ዋናው ምርጫ ኖቬምበር 3፣ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ጥቅምት 24 ቀን 2019 ይውላል። በቀዳሚው ምርጫ እያንዳንዱ ፓርቲ እጩውን ይለያል፤ የፓርቲ አባል ከሆኑ የፓርቲዎ ወረቀት ብቻ ይመጣልዎታል። በየትኛውም ፓርቲ ካልተመዘገቡ ግን ሕዝቡ በ2016 ባጸደቀው ሕግ መሠረት የዴሞክራቶቹም የሪፐብሊካኖቹም ወረቀት በአንድ ፖስታ ይደርስዎታል። መሙላትና መመለስ ያለብዎት አንዱን ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ሞልተው ከመለሱ ሁለቱም ውድቅ ይሆናሉ። ሁለቱን ወገኖች ላለማስቀየም ብለው ሁለቱንም የሚሞሉ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው ይህን የማነሣው።

የዋናው ምርጫ ወረቀቶች መላክ የሚጀምሩት ምርጫው 22 ቀን ሲቀረው ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የተመዘገበ መራጭ ወዳለበት ቤት ሁሉ ሰማያዊ መጽሐፍ የሚባለው ጥራዝ ይመጣል። የሚያዘጋጁት የምክር ቤቱ ገለልተኛ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ለሕዝብ ውሳኔ የቀረበውን እያንዳንዱን ጥያቄ ያስረዳል፣ የደጋፊንና የተቃዋሚን ክርክር ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ በመንግሥት ገቢና ወጪ ላይ የሚያመጣውንም ይገልጻል። ይህን መጽሐፍ እንዳይጥሉት እለምናለሁ። ኮሎራዶ ውስጥ በ1992 በጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ምክንያት ግብር የሚጨምረው ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ሲፈቅድ ነው፤ ስለዚህ ከእጩዎቹ ስም ቀጥሎ የሚመጡት ረጃጅም ጥያቄዎች ኪስዎን በቀጥታ የሚነኩ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ላይ አዲስ ነገር ለመጨመር 55 በመቶ ድምፅ ሲያስፈልግ፣ ተራ ሕግ ለማውጣት ግን ከግማሽ በላይ ይበቃል። የጥያቄዎቹ አጻጻፍ ከባድ ስለሆነ፣ አንዳንዴም «አዎ» ማለት አንድን ነገር መከልከል ሊሆን ስለሚችል፣ ከመጽሐፉ ላይ «አዎ» ማለት ምን እንደሚያስከትል የሚያስረዳውን ክፍል አንብቦ መወሰን ይሻላል።

ወረቀቱ ላይ ዳኞችንም ያገኛሉ። ዳኞቹ እርስ በርስ አይወዳደሩም፤ የሚጠየቁት እያንዳንዱ ዳኛ በሥራው ይቀጥል ወይስ አይቀጥል የሚለውን ነው፤ የሥራ አፈጻጸማቸው ግምገማም በዚያው ሰማያዊ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። የማያውቁትን ጥያቄ ባዶ ቢተዉት የቀረው ድምፅዎ አይበላሽም። እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው ወላጆች ደግሞ የሚረዳቸውን ሰው ራሳቸው የመምረጥ መብት በፌዴራል ሕግ አላቸው፤ ልጅ፣ ጎረቤት ወይም ወዳጅ ሊሆን ይችላል፣ አሠሪያቸውና የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ ግን አይፈቀዱም። የረዳቱ ሥራ ማንበብ፣ መተርጎምና በተባለው ቦታ ማጥቆር ነው። እናትዎ እርስዎ የማይወዱትን እጩ ከመረጡ የእሳቸውን ምርጫ ያጠቁራሉ።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ፊርማው ነው። የተሞላው ወረቀት መመለሻው ፖስታ ውስጥ ከገባ በኋላ በፖስታው ጀርባ መራጩ ራሱ ይፈርማል፤ ይህ ፊርማ መዝገብ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል። እናቴ ዜግነት ባገኘች ዓመት ወረቀቷን አብረን ሞላን፣ ፖስታውን ሰጠኋት፣ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ እንደለመደችው በፊደላችን ስሟን አሳምራ ጻፈችበት። መንጃ ፈቃዷ ላይ ግን ቢሮው ውስጥ በተነገራት መሠረት በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የፈረመችው። ከጥቂት ቀን በኋላ ፊርማዋ አልተመሳሰለም የሚል ደብዳቤ መጣ። ያን ቀን ፊቷ ላይ ያየሁትን ድንጋጤ አልረሳውም፤ ወንጀል የሠራች መስሏት ነበር። ደብዳቤው ላይ የተያያዘውን ቅጽ ፈርማ፣ የመታወቂያዋን ቅጂ ጨምረን መለስን፤ ድምፅዋም ተቆጠረ። በፊደላችን መፈረም ስሕተት የለውም፤ ቁም ነገሩ መንጃ ፈቃዱ ላይ እንደተፈረመው አድርጎ መፈረም ነው። ፖስታውን ከማሸግዎ በፊት መንጃ ፈቃድዎን አውጥተው አጠገብዎ ያስቀምጡት። ባልና ሚስት ደግሞ ፖስታ ተለዋውጠው እንዳይፈርሙ ስማቸውን አይተው ይፈርሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ በፖስታ የሚመርጡ አንዳንድ ሰዎች የመታወቂያ ቅጂ እንዲያያይዙ ይጠየቃሉ፤ ይህ ከሆነ መመሪያው ላይ ተጽፎ ያገኙታል።

መመለሱ ቀላል ቢሆንም ሰዓቱ ምሕረት የለውም። ፖስታው በምርጫው ዕለት ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ክለርኩ እጅ መግባት አለበት፤ ፖስታ ቤት የመታበት ቀን ዋጋ የለውም። የአሜሪካኖቹ ሰዓት «7» ስለሚል፣ ለአባት ለእናት ሲነግሩ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ብለው በእኛ አቆጣጠር ይንገሯቸው። ፖስታ ቤት የሚልኩት ከሆነ ምርጫው ቢያንስ 8 ቀን ሲቀረው ይላኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አስተማማኝ መንገድ ቀንና ሌሊት ክፍት በሆኑት የድምፅ መቀበያ ሣጥኖች መጠቀም ነው። ሣጥኖቹ በካሜራ ይጠበቃሉ። የጎረቤትን ፖስታ አድርሶ መስጠት ይፈቀዳል፤ አንድ ሰው በአንድ ምርጫ ሊያደርስ የሚችለው ግን ከ10 አይበልጥም። ስለዚህ የመላ ጉባኤውን ፖስታ ሰብስቦ የሚወስድ ሰው በቅንነትም ቢሆን ሕግ ይጥሳል። በክፍለ ግዛቱ የክትትል አገልግሎት ስልክዎን ካስመዘገቡ ወረቀቱ ሲላክልዎም፣ ሲመለስም፣ ሲቆጠርም መልእክት ይደርስዎታል።

ፊርማው አልተመሳሰለም ወይም ጭራሽ አልተፈረመም የሚል መልእክት ከመጣ፣ ከምርጫው ቀን በኋላ 8 ቀን ድረስ በስልክ ወይም በፖስታ ማስተካከል ይቻላል። በ2022 በሦስተኛው የኮንግረስ ወረዳ ሪፐብሊካኗ ላውረን ቦበርት ዴሞክራቱን አዳም ፍሪሽን ያሸነፉት በ546 ድምፅ ብቻ ነበር፤ በእነዚያ 8 ቀናት የሁለቱም ወገን በጎ ፈቃደኞች ፊርማቸው ያልተመሳሰለላቸውን መራጮች ሲያፈላልጉ ሰነበቱ። ውጤቱ በምርጫው ማታ በቴሌቪዥን ቢነገርም ቆጠራው የሚያልቀው ከዚህ ጊዜ በኋላ ነው። ልዩነቱ ከአሸናፊው ድምፅ ግማሽ በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ድጋሚ ቆጠራ ያለማንም ጠያቂ ይደረጋል፤ ከዚህም ሌላ ኮሎራዶ ከ2017 ጀምሮ የወረቀት ድምፆችን በዕጣ እያወጣች ከማሽኑ ቆጠራ ጋር ታመሳክራለች። አዲሱ አገረ ገዥ ቃለ መሐላ የሚፈጽመው በጃንዋሪ ሁለተኛው ማክሰኞ ነው።