የስዊፍት ስፖርት ፍጥነት የመጨመሪያ ጊዜ መለዋወጥ፦ መንስኤውና መፍትሔው

ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌላት ባለ 1.6 ሊትር ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርቴ ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እስክትደርስ የሚፈጅባት ጊዜ፣ ከባሕር ዳር ወጣ ባለው በዚያው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እንኳ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይለያይ ነበር። ካንዴላውንና የአየር ማጣሪያውን ቀየርኩ፣ ነዳጁንም ከሌላ ማደያ ቀዳሁ፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም።

ፍንጩን ያገኘሁት በኦቢዲ 2 ሶኬት (የመኪናዋ ኮምፒውተር መረጃ በሚነበብበት መሰኪያ) ላይ ከሚሰካው የብሉቱዝ ማንበቢያ ነው። መኪናዋ በከተማው መጨናነቅ ውስጥ ቆይታ ስትወጣ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ከውጭው እጅግ የሞቀ ነበር፤ የሞቀ አየር ስስ ስለሆነ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፣ የሞተሩ ኮምፒውተርም ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገያል። ኮፈኑን ስከፍት፣ ከፊት ቀዝቃዛ አየር የሚስበው ቱቦ ከማጣሪያው ሣጥን ተላቅቆ የራዲያተሩን ትኩስ አየር ይስብ ነበር። መልሼ በብረት ማጥበቂያ አሰርኩት፤ ልዩነቱም በአብዛኛው ጠፋ።

የቀረውን ያመጡት ከጣና የሚነሣው የከሰዓት ነፋስና የመንገዱ ጥቂት ተዳፋት ስለነበሩ፣ አሁን በማለዳ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ በሁለቱም አቅጣጫ ለክቼ አማካዩን እወስዳለሁ። ከፋብሪካው አኃዝ ጋር ግን አይገጥምም፤ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳልና፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።