የፍራፍሬ ኮንሰንትሬት ምርት መዝገብ እንዴት ይያዛል?

ሰበታ ላይ ማንጎ ፈጭተን፣ ውኃውን አትነን ኮንሰንትሬት እናመርታለን። ማንጎው ከአርባ ምንጭ በአይሱዙ ይመጣል። መዝገብ መያዝን የተማርኩት ከስሬ ነው።

በቅድሚያ ገጹ ቁጥር ያለው ወፍራም መዝገብ ግዙ። ኤክሴል ጥሩ ነው፣ ግን የሚሞላው ማታ በትዝታ ነው፤ እጁ ማንጎ የነካ ሠራተኛ ላፕቶፕ አይነካም። በእስክሪብቶ ይጻፍ። የተሳሳተ በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበት፣ ፍሉድ አታስነኩ።

ፍሬው ሲገባ ቀኑን፣ ሻጩን፣ ኪሎውንና የባች (የአንድ ዙር ምርት) ቁጥሩን ጻፉ። ገበሬ ደረሰኝ ስለሌለው የግዢ ቫውቸሩን እዚያው አስፈርሙ። መኪናው ከሄደ በኋላ ማንን ታገኛላችሁ? የተበላሸውንም መዝኑ።

ዋናው ፈተና ብሪክስ ነው፤ ከመቶ ኪሎ ውስጥ ስንቱ የሟሟ ነገር እንደሆነ የሚነግር ልኬት። 100 ኪሎ ፐልፕ (የተፈጨ ማንጎ) ብሪክሱ 15 ከሆነ፣ ውስጡ 15 ኪሎ የሟሟ ነገር አለ፤ አብዛኛው ስኳር ነው። 30 ብሪክስ እስኪደርስ ስታተኑት ውኃው ይሄዳል፣ 15 ኪሎው ይቀራል። 15 ኪሎ 30 በመቶ የሚሆነው ለ50 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 50 ኪሎ መውጣት አለበት። 47 ከወጣ ሦስቱን ኪሎ ፈልጉ፦ ድስቱ ላይ የቀረ፣ ለናሙና የተወሰደ፣ የፈሰሰ። ሁሉም «ብክነት» በሚለው ዓምድ ይግባ።

እኔ ወሩን ሙሉ ናሙናውን እየጨሰ ብሪክስ መለኪያው ሪፍራክቶሜትር ላይ አንጠባጥቤ 27 እያልኩ ስጽፍ ከረምኩ። ሲቀዘቅዝ ግን 30 ነበር፤ ትኩስ ፈሳሽ ብሪክሱን አሳንሶ ያሳያል። ከእያንዳንዱ 50 ኪሎ ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ስኳር በወረቀት ጠፋ። ገዢያችን ሪፖርቱን አይቶ «የት ገባ?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ናሙናውን በብልቃጥ ከድናችሁ ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ 20 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ለኩ። «መሣሪያው ሙቀቱን ራሱ ያስተካክላል» የሚል ሻጭ አትስሙ፤ የሚያስተካክለው የክፍል ሙቀትን ልዩነት እንጂ የፈላ ነገርን አይደለም። በየጠዋቱ በዲስትልድ ውኃ ዜሮ ማሳየቱን አይታችሁ እሱንም መዝግቡ። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በኮዴክስ 247-2005 የማንጎ ጭማቂ ዝቅተኛው ብሪክስ 13.5 ነው፤ ኮንሰንትሬት ለመባል ቢያንስ በ50 በመቶ መብለጥ አለበት። ስለዚህ የብሪክሷ ቁጥር የምርቱንም ስም ትወስናለች።

በርሜሉ ላይ የባች ቁጥሩን፣ ቀኑን ደግሞ በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፉ።

ለወሩ ሪፖርት ከባለፈው ወር የዞረውንና የተመረተውን ደምሩ፣ የተሸጠውንና የፈሰሰ የተበላሸ በርሜል ካለ እሱን ቀንሱ። ውጤቱ መጋዘን ውስጥ ካለው ጋር መግጠም አለበት። የሽያጩ ቁጥር ለቫት ካሳወቃችሁት ጋር አንድ ይሁን። በርሜሎቹን በእጃችሁ እየነካችሁ ቁጠሩ፣ ከመጋዘን ሠራተኛው ጋር ሌላ ሰው ይኑር፣ ሁለቱም ይፈርሙ።