የፕላስቲክ ቱቦ ገጽ ሲሻክር፦ ችግሩና መፍትሄው

ከገላን እስከ ሰበታ ባሉ የቱቦ ማምረቻዎች የፖሊኢትሊን ቱቦ ሻከረ ሲባል የመጀመሪያው እርምጃ የማሽኑን ማሞቂያ (ሄተር) ሁሉ በ20 ዲግሪ መጨመር ሆኗል። እባካችሁ ይህን ተዉት። ቱቦውን ቁረጡና በጥፍር ዳስሱት፤ ምክንያቱን የሚናገረው የሻካራው አቅጣጫ ነው።

ጭረቱ በቱቦው ርዝመት ከሄደ የቀለጠው ፕላስቲክ የቱቦ ቅርጽ ይዞ የሚወጣበት ቀዳዳ (ዳይ) አፍ ላይ ያረረ ፕላስቲክ ተጣብቋል። በነሐስ መፋቂያ አንሱት፤ ብረት ዳዩን ይቧጥጠዋል።

ገጹ ጉድጓድ ጉድጓድ ካለ፣ ሲቆረጥም አረፋ ከታየ እርጥበት ነው። ፖሊኢትሊን ራሱ ውሃ አይመጥም ማለት ይቻላል፤ የሚመጠው ጥቁሩ ማስተርባች (ከዋናው ፕላስቲክ ጋር የሚቀላቀል የተጠናከረ ተጨማሪ ፍሬ) ውስጥ ያለው ካርቦን ነው። በክረምት የማስተርባች ከረጢት ከፍቶ ማሳደር ጥፋት ነው። በ80 ዲግሪ ትኩስ አየር ከ2 እስከ 4 ሰዓት አድርቁት።

ደጋግሞ የሚመጣው ግን ሦስተኛው ነው፦ ቱቦውን እንደ ቀለበት የሚዞሩ፣ ተቀራርበው የተደረደሩ፣ በጥፍር ሲነኩ እንደ ሞረድ የሚያንቋቁ መስመሮች። ዳዩ ውስጥ ግድግዳውን የነካው ፕላስቲክ ቆሟል ማለት ይቻላል፣ መሃሉ ይሮጣል። ከዳዩ በወጣ ቅጽበት ሁለቱም እኩል መሄድ ስላለባቸው የዳሩ ንብርብር በድንገት ይለጠጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግባል፣ እንደገና ይሰነጠቃል። ይህ የሚጀምረው ፕላስቲኩ የዳዩን ግድግዳ እየታከከ ሲያልፍ የሚፈጠረው ጭነት ወደ 0.1 ሜጋፓስካል (የጭነት መለኪያ) ሲደርስ ነው።

እዚህ አካባቢ ዋናው መነሻ ከቆራሌው የሚገዛው የዘይት ጀሪካን ፍጭ ነው። የጀሪካን ፕላስቲክ ሲነፋ እንዳይዘረጠጥ ተብሎ ሲቀልጥ ወፍራም፣ በቀላሉ የማይፈስ ሆኖ የተሠራ ነው፤ በጠባብ ዳይ ሲገፋ ጭነቱ ይከመራል። «ርካሽ ነው» ብሎ ሙሉውን ከእሱ መሥራት ሻካራ ቱቦ መግዛት ነው።

የቀለበት መስመር ሲታይ ማሽኑ ፕላስቲኩን የሚገፋበትን ፍጥነት በግማሽ ቀንሱ። መስመሩ ከጠፋ ምክንያቱ ተረጋግጧል። ከዚያ የዳዩን አፍ ብቻ በ10 ዲግሪ ከፍ አድርጉ፤ ፕላስቲኩ የሚቀልጥበትን በርሜል አትንኩ። ሙቀት የሚለካው ቴርሞካፕል ቀዳዳው ውስጥ በደንብ መቀመጡን እዩ፤ ከላላ የሚያሳየው ቁጥር ውሸት ነው። ካልበቃ ሲቀልጥ ቀጠን ያለ የቱቦ ፕላስቲክ ቀላቅሉ፤ ወይም የፍሎሮፖሊመር (የዳዩን ግድግዳ ሸፍኖ ፕላስቲኩን የሚያንሸራትት) ማስተርባች፣ በአንድ ኪሎ ፕላስቲክ ከ0.5 እስከ 1 ግራም ንጥር ፍሎሮፖሊመር እንዲደርስ። ግድግዳውን ለመሸፈን ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል፤ በ10 ደቂቃ «አልሠራም» ብላችሁ አትጨምሩበት። ፍሎሮፖሊመር ያለፈበትን ዳይ በእሳት ነበልባል አታጽዱ፤ ጢሱ መርዝ ነው።

ቱቦው ከነአካሉ ከተጣመመ ፍጥነቱ እጅግ በዝቷል፤ ቀንሱ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም የማሞቂያ ክፍል (ዞን) ሞቆ እስኪረጋጋ ፕላስቲኩን የሚገፋውን ስክሩ አታስነሱ፣ ይሰበራል። ሲነሳም ዳዩ ፊት ለፊት ማንም እንዳይቆም፤ የታመቀው ትኩስ ፕላስቲክ ይፈናጠራል።