ለሕፃን ልጅ የረጅም ጊዜ የቁጠባ ሒሳብ እንዴት ይመረጣል?

ጅማ ውስጥ የቡና ገንዘብ ወደ እጅ በሚገባበት ሰሞን ባንኮችም ደንበኛ ፍለጋ ይወጣሉ። ለልጁ ሒሳብ የከፈተ ወላጅ የደብተር ቦርሳ፣ ጃንጥላ ወይም የሳንቲም ሣጥን ሊመረቅለት ይችላል። ሣጥኑን ተቀበሉ፤ ሒሳቡን ግን በሣጥኑ አትምረጡ። ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን «ገንዘቡን ማን፣ መቼ፣ በማን ፊርማ ያወጣዋል?» ከሚለው ብትጀምሩ እመክራለሁ።

1. ወረቀቶቹን አሰናዱ

የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወላጅ መታወቂያ (ፋይዳ ካላችሁ እሱንም ያዙ)፣ ጉርድ ፎቶግራፍ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት ምስክር ወረቀቱን ያላወጣችሁ ከዚያ ጀምሩ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዩ። ጫልቱ በቁቤ የምትጀምረው በላቲኑ «ሲ» ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ግን «ሲ ኤች» ተብላ ልትጻፍ ትችላለች። ዛሬ የአንድ ደቂቃ እርማት የሆነው ነገር ከዓመታት በኋላ ደጅ ያስጠናል።

2. የማውጫውን ደንብ መርምሩ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ለልጅ የሚቀመጥ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት መንገዶች በአንዱ ይቀመጣል፦ በወላጅ ስም «ለልጁ» ተብሎ በሐሳብ ብቻ፣ በልጁ ስም ሆኖ በአንድ ወላጅ ፊርማ፣ ወይም በልጁ ስም ሆኖ በሁለቱም ወላጆች ፊርማ።

የመጀመሪያው ቀላል ስለሚመስል ይመረጣል። አንድ ቡና ነጋዴ ጎረቤታችን ለትንሿ ልጁ ያጠራቀመው በራሱ ስም ነበር። በባንክ ደብተሩ ሽፋን ውስጥ የልጅቱን ፎቶግራፍ በሙጫ ለጥፎበታል፤ ከሥሩ «የትምህርት» ብሎ በእስክሪብቶ ጽፏል። ሰውየው ሲያርፍ ቤተሰቡ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እንዲያመጣ ተጠየቀ፤ ገንዘቡም እንደ ማንኛውም የሟች ንብረት ለወራሾቹ ሁሉ ተከፋፈለ። ማንም አልበደላትም። ሕጉ የሚያየው የተለጠፈውን ፎቶግራፍ ሳይሆን የሒሳቡን ባለቤት ስም ነው።

ስለዚህ ሒሳቡ በልጁ ስም ይሁን፤ ከዚያም መስኮቱ ላይ ቆማችሁ እነዚህን ጠይቁ። ለማውጣት የአንድ ወላጅ ፊርማ ይበቃል ወይስ የሁለቱም ያስፈልጋል? አንደኛው ቢሞት ወይም ውጭ አገር ቢሄድ ሌላው ምን ማቅረብ ይጠበቅበታል? ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ለሕክምና ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ ማውጣት ይቻላል? ቢወጣ የተጠራቀመው ወለድ ይቀራል ወይስ ይከፈላል? አያት ወይም አክስት ገቢ ማድረግ ይችላሉ? መልሱን በቃል ብቻ አትቀበሉ። የውሉን ቅጽ ለምኑና ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። ቅጹን አላሳይም የሚል ባንክ ካጋጠማችሁ ጎረቤቱ ሌላ ባንክ አለ፤ ጅማ ከመርካቶ ሰፈር እስከ ፈረንጅ አራዳ ባንክ ሞልቷል።

የእኔ ምርጫ የሁለት ወላጆች ፊርማ ያለበት፣ ኤቲኤም ካርድ የሌለው፣ ከስልክም ጋር ያልተገናኘ ሒሳብ ነው። በስልክ ሊወጣ የሚችል ገንዘብ ለበግ መግዣ መዋሉ አይቀርም። ፈጽሞ የማይነካ ሒሳብም አልወድም፤ ልጅ ይታመማል።

3. ወለዱን አስሉ

ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል። በየወሩ 500 ብር ለ15 ዓመት ብታስገቡ ከኪሳችሁ የሚወጣው 90,000 ብር ነው፤ ወለዱ በየወሩ እየታሰበ በ7 በመቶ ቢወለድ ግብር ሳይቀነስ 158,000 ብር ገደማ፣ በ9 በመቶ ደግሞ 189,000 ብር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ወለዱ በየቀኑ ባለው ገንዘብ ይታሰባል ወይስ በወሩ ዝቅተኛ ገንዘብ? ይህን ሳትጠይቁ ከፍ ያለ ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትቸኩሉ።

የዋጋ ንረትን ያልቆጠረ ስሌት ደግሞ ግማሽ ስሌት ነው። በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ 7 በመቶ ወለድ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ ያላችሁን ሁሉ ብር አድርጋችሁ አታስቀምጡ። ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ለልጁ ጊደር ቢገዛ ከባንኩ ጎን ለጎን ጥሩ ነው እላለሁ፤ ጊደር ግን ትሞታለች፣ ትሰረቃለች።

4. ወለድ ለማትፈልጉ

ጅማ ውስጥ ይህ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። ከወለድ ነፃ አገልግሎት በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በዘምዘም ባንክም ሆነ በመደበኛ ባንኮች መስኮቶች ይገኛል። ወዲዓ ገንዘቡን በአደራ ይጠብቃል እንጂ ትርፍ ቃል አይገባም። ለረጅም ጊዜ የሚሻለው ሙዳረባ ነው፤ ባንኩ በገንዘባችሁ ነግዶ ትርፉን በተስማማችሁት ድርሻ ያካፍላችኋል። ድርሻው ስንት ለስንት እንደሆነና ባለፉት ዓመታት በተግባር ስንት እንደተከፈለ ጠይቁ።

5. የመድኑን ጣሪያና የምታስገቡበትን ጊዜ

ባንክ ቢወድቅ ገንዘባችሁን የሚመልሰው የተቀማጭ ገንዘብ መድን በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ የሚሸፍነው እስከ 100,000 ብር ነው። የልጁ ገንዘብ ወደዚያ ሲጠጋ በሌላ ባንክ ሁለተኛ ሒሳብ ክፈቱ።

ደመወዝተኛ ከሆናችሁ በየወሩ በቀጥታ እንዲቆረጥ አድርጉ። ገቢያችሁ ከቡና ከሆነ ግን በየወሩ አስገባለሁ ብላችሁ አትማሉ፤ ክረምት ላይ ከየት ይመጣል? ቡናው በተሸጠ ሳምንት የዓመቱን በአንድ ጊዜ አስገቡ። የዕቁብ ዕጣ ሲደርሳችሁም እንዲሁ። ለኢድና ለገና ዘመድ የሚሰጠው ብር በልጁ እጅ ገብቶ በማግሥቱ ገቢ ይደረግ።

በዓመት አንድ ጊዜ የሒሳቡን መግለጫ አስወጥታችሁ ወለዱ መግባቱን አረጋግጡ። ልጁ 18 ዓመት ሊሞላው ወራት ሲቀሩት ደግሞ ቅርንጫፉ ይዛችሁት ሂዱ፤ ሒሳቡን ወደ ራሱ ፊርማ ለማዛወር የራሱ መታወቂያ ያስፈልገዋል።