ጠጣር ሂሊየምን በቫይኮር ቀዳዳዎች ውስጥ አዘጋጅቶ ለመለካት

በወሎ ቆላ ውኃ የተሞላ እንስራ በውጭ በኩል የሚያዠው፣ ሸክላው ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ስላሉት ነው። ጠጣር ሂሊየም ከፊሉ ያለ ሰበቃ ይፈስስ እንደሆነ፣ በዘንግ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወዛወዝበትን ጊዜ በመለካት ለሚያጣራው ለዚህ ሙከራ የሚያገለግለው ቫይኮር የተባለው መስታወትም ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ የቀዳዳዎቹ ስፋት ግን 7 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሂሊየም የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ 25 ባር ያህል ግፊት ካላረፈበት ጠጣር አይሆንም፤ በቫይኮር ውስጥ ደግሞ ወደ 40 ባር ይፈልጋል።

በመጀመሪያ መስታወቱን በሞቀ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አጥበው በተጣራ ውኃ ያለቅልቁት፤ በቫኪዩምም ያድርቁት። ቀጥሎ ዙሪያውን በስስ ኢፖክሲ (ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ) ይልበጡት፤ ሂሊየሙ ከሚገባበት ቀጭን ቱቦ በቀር ምንም ክፍት ቦታ አይተዉ። ከሥራው ሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው፤ ምክንያቱን የሙከራው ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2004 የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ኡን ሱንግ ኪምና ሞዝስ ቻን ከ0.2 ኬልቪን በታች፣ ማለትም ከፍጹም ዜሮ አጠገብ፣ የመወዛወዣው ጊዜ ሲያጥር አይተው፣ ከጠጣሩ ከፊሉ ከዕቃው ጋር ሳይዞር ያለ ሰበቃ ይፈስሳል የሚል ትርጉም ሰጡት። በ2007 ዴይ እና ቢሚሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ጠጣር ሂሊየም በዚያው ሙቀት ግትርነቱ እንደሚጨምር አሳዩ፤ ይህም ብቻውን የመወዛወዣውን ጊዜ ሊያሳጥር ይችላል። በ2012 ቻን ከሌላ ባልደረባው ጋር ከመስታወቱ ውጭ ጠጣር የሚቋጥር ክፍተት ሳይተው ሙከራውን ሲደግመው ለውጡ ጠፋ። የመጀመሪያውን ድምዳሜ የመረመረው ራሱ ባለቤቱ መሆኑ ትልቅ ክብር ይገባዋል።

የተለበጠውን መስታወት ውስጡ ክፍት በሆነ የቤሪሊየም መዳብ ዘንግ ላይ አጣብቀው፣ ሂሊየም ከመግባቱ በፊት ባዶው ዕቃ እየተጠማዘዘ ሲወዛወዝ የሚወስደውን ጊዜ በየሙቀቱ ይመዝግቡ። ይህ መዝገብ ከሌለ በኋላ የሚታየውን ለውጥ ከዘንጉ ባሕርይ መለየት አይቻልም።

ከዚያ ሂሊየሙን ከ40 ባር እጅግ በሚበልጥ ግፊት ሞልተው ቀስ ብለው ያቀዝቅዙ። በቱቦው ውስጥ ያለው ቀድሞ ጠጥሮ መግቢያውን ስለሚደፍን፣ ከዚያ ወዲያ መጠኑ ሳይለወጥ ግፊቱ ይወርዳል፤ ከ40 ባር በታች ከወረደ ግን በቀዳዳዎቹ የቀረው ፈሳሽ ያለ ሰበቃ እየፈሰሰ ሐሰተኛ ምልክት ይሰጣል።

ቴርሞሜትሩን በሂሊየም መፍያ ነጥብ የሚያስተካክል ሰው ከፍታውን ያስብ፦ በባሕር ወለል 4.2 ኬልቪን የሆነው መፍያ፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ባላት ደሴ 3.9 ኬልቪን ገደማ ነው።

በመጨረሻም በዳይሉሽን ማቀዝቀዣ (ሁለት ዓይነት ሂሊየም በማደባለቅ እጅግ በሚያቀዘቅዝ መሣሪያ) ከ0.2 ኬልቪን በታች ወርደው፣ የውዝዋዜውን ስፋት እጅግ አሳንሰው፣ በየነጥቡ ሙቀቱ እስኪረጋ እየጠበቁ ይለኩ፤ ወደ ላይ ሲያሞቁም እነዚያኑ ነጥቦች ደግመው ይለኩ።