ላንድክሩዘር 80 ላይ ትልቅ ጎማ፣ ሞላው ሳይነካ

የላንድክሩዘሬን 275/70 አር 16 ልክ ጎማ አውጥቼ በዚያው ቸርኬ ላይ ትልቁን 285/75 ልክ አስገባሁ። የጎማው ቁመት 4 ሳንቲም ያህል ስለሚበልጥ መኪናዋ ከመሬት 2 ሳንቲም ከፍ አለች። ቀጥ ብላ ስትሄድ ምንም የላትም። ግቢ ውስጥ መሪውን እስከ መጨረሻው ሳዞር ግን የሚፋቅ ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ባትሪ አበራሁ፤ የፊት ጎማው በውስጥ በኩል፣ ከአክሰሉ ወደ ኋላ የሚሄደውን ወፍራም የብረት ክንድ እየነካ ቀለሙን ገፎታል።

ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለውን ሽፋን) እንድቆርጥ የመከሩኝ ነበሩ፤ ጭራሽ አያስፈልግም! ከጎማው ጀርባ የመሪውን መታጠፊያ የሚገድብ ቡሎን አለ። ዳዶውን አላላሁ፣ በግራም በቀኝም እኩል ጥቂት ሚሊሜትር አወጣሁት፣ መልሼ አጠበቅኩ። አሁን መሪው ትንሽ ቀደም ብሎ ስለሚቆም ድምፁ ጠፋ። ለመዞር ሰፋ ያለ ቦታ ትፈልጋለች፣ እሱን ችዬዋለሁ። ጎማው ስለተለቀ ፍጥነት ማሳያው 100 ሲል ደግሞ 105 አካባቢ እንደምሄድ ቆጥሬ ነው የምነዳው።