ቢላችሁን ከባሕር ዳርቻ ዝገት እንዴት ታድኑታላችሁ

«ስቴንለስ ነው፣ አይዝግም» የሚለውን ነገር መጀመሪያ ተዉት። ይዝጋል። ስቴንለስ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም አለው። ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ብረቱን የሚጠብቀውም እሱ ነው። ጨው ደግሞ ያንን ሽፋን ይበሳዋል። ከላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ ብቻ ታያላችሁ፣ ከሥሯ ግን ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው። የካርቦን ብረት ቢላማ ይህ ሽፋን ጭራሽ ስለሌለው እርጥብ ሆኖ ካደረ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ብዙ ሰው የሚስተው ጨዉን ነው። ቢላው ባሕር ውስጥ ባይገባም ነፋሱ ጨው ያመጣለታል፣ የእጃችሁ ላብም ጨው አለው። የአየሩ እርጥበት ወደ 75 በመቶ ሲደርስ ቢላው ላይ የቀረችው ጨው ከአየሩ ውሃ ስባ ትሟሟለች። ስለዚህ ደረቅ ነው ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ቢላ ማንም ሳይነካው ይረጥባል ማለት ነው። በጨርቅ መጥረግ ብቻውን ጨዉን ከቦታ ቦታ ያዞረዋል እንጂ አያነሳውም፤ ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት።

እንደጨረሳችሁ ወዲያው እጠቡት። ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ስፖንጅ፣ በቃ። ሎሚ ወይም ቲማቲም ከቆረጣችሁበት ደግሞ ጭራሽ አታቆዩት። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ መተው የለም፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ መክተት የለም፣ በረኪና ደግሞ በፍጹም አይነካውም፣ ስቴንለሱንም ሳይቀር ይበላዋል።

ከዚያ ማድረቅ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበትን ስንጥቅ በደንብ እዩት፣ ውሃ የሚደበቀው እዚያ ነው። የሶፍት ጫፍ ጠምዝዛችሁ አስገቡበት፤ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ገና አልደረቀም። ሴንጢ ከሆነ ከፍታችሁ መገጣጠሚያውን በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ እፍ በሉበት፣ ክፍቱን አቆዩት፣ ሲደርቅ ብሎኑ አካባቢ አንድ ጠብታ ዘይት ጨምሩ።

ዘይቱ ስስ ይሁን። ሁለት ሦስት ጠብታ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ ጥረጉ። ዘይቱ ከፈሰሰ በዝቷል። ለወጥ ቤት ቢላ ለምግብ ዕቃ የሚሆን ሚኒራል ኦይል ጥሩ ነው፣ ጃፓኖች የሚወዱት የካሜሊያ ዘይትም እንዲሁ። የምግብ ዘይት በየቀኑ ለሚታጠብ ቢላ ችግር የለውም፣ ለሳምንታት ለሚቀመጥ ግን አልመክርም፤ ይሸታል፣ እንደ ሙጫም ይጣበቃል።

ቢላን በቆዳ ሰገባ ውስጥ ማስቀመጥ ከሁሉ በላይ የምጠላው ነገር ነው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ከተለፋበት ኬሚካልም የቀረ ሊኖርበት ይችላል፣ ያ ሁሉ ቀን ከሌሊት ብረቱ ላይ ተለጥፎ ይውላል። ሰገባው ለመያዣ ነው፤ ቤት ስትገቡ አውጡት። ሣጥን ውስጥ የምታስቀምጡ ከሆነ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚስቡ ፍሬዎች ያሉበት ትንሽ ከረጢት) ጨምሩ፣ ግን ጠግቦ ውሃ መሳብ ሲያቆም ማድረቅ ወይም መቀየር እንዳለበት አትርሱ። ኤሲ ካለበት ክፍል ወደ ውጭ ይዛችሁት ስትወጡ ደግሞ የቀዘቀዘው ብረት ያልበዋል። ጥረጉት።

ሳትጠቀሙበት ከዶለዶመ ዝገትን ጠርጥሩ። የስለቱ ጫፍ በጣም ስስ ስለሆነ ዝገት ጎኑ ላይ ከመታየቱ በፊት ጫፉን ሊበላው ይችላል።

ከዛገስ? ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ አቡክታችሁ በጠርሙስ ቡሽ እሹት። በተራ የብረት ሽቦ ስቴንለስን አትፈግፍጉ፣ የሽቦው ብናኝ ተጣብቆ ይቀርና እሱ ራሱ ይዝጋል። ካርቦን ቢላ ላይ የሚመጣው ግራጫ ወይም ሰማያዊ ጥላ ግን ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም በመጠኑ ይከላከላል፣ አትንኩት። ከተጠራጠራችሁ በነጭ ሶፍት ጥረጉት፤ ብርቱካንማ ነገር ከያዘ ዝገት ነው።

ሥራችሁ ባሕር ላይ ከሆነ ካርቦኑ ቀንሶ ናይትሮጅን የገባባቸውን እንደ ኤች 1 እና ኤልሲ 200 ኤን ያሉ ብረቶች ፈልጉ። ኤች 1 ቶሎ ይዶለዱማል፣ ቶሎ ቶሎ መሳል ግድ ነው። ብሎናቸውና ማንጠልጠያቸው ከሌላ ብረት ሊሠራ ስለሚችል ዘይቱን እዚያም አድርሱ።